ጠቋሚ ያጣው ድረ ገጽ

ምን አለሽ ተራ የከተማው አሮጌ ዕቃ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት የመርካቶ ክፍል ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጣሳ፣ በርሜልና ቆርቆሮ እዚያ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ወይም ማንከሽከሻ ሆኖ ይወጣል፤ ያለቀ የመኪና ጎማም ተቆርጦ ጫማ ይሆናል። በዚያ ጥልፍልፍ መተላለፊያ ውስጥ አዲስ የተከፈተ ሱቅን የሚያስታውቀው ከታፔላው ይልቅ ጎረቤቱ ነው። ዕቃው የሌለው ነጋዴ ገዢውን ዕቃው ወዳለው ይልከዋል፤ ያም ቢያጣለት ሌላ ያመላክተዋል። እንደ ጎግል ያሉ የፍለጋ ሞተሮች አዲስ ድረ ገጽ የሚያገኙትም ከሁሉ በላይ በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱ ገጽ ሌላውን ሲጠቁም። የኢትዮጵያ አዳዲስ ድረ ገጾች ለወራት ሳይታዩ የሚቆዩት በቋንቋቸው ወይም በባለሙያዎቻቸው ድክመት ነው ሲባል ይሰማል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት በገጾቻችን መካከል ጥቆማ መጥፋቱ ነው እላለሁ፤ የዘርፉ ታሪክም አሠራሩም ይህንኑ ያሳያል።

ከመነሻው እንጀምር (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1990 በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አለን ኤምቴጅ የሠራው አርቺ በየኮምፒውተሩ የተቀመጡ ፋይሎችን ስም ብቻ እየሰበሰበ ይመዘግብ ነበር። በ1993 የኤምአይቲው ማቲው ግሬይ ከገጽ ወደ ገጽ በሊንክ እየተሻገረ የድርን ስፋት የሚለካ ሮቦት የተባለ ፕሮግራም አሰማራ፤ በ1994 ደግሞ ዌብክሮውለር የገጾችን ሙሉ ቃል አንብቦ መፈለጊያ አደረገው። ሮቦቶቹ ሲበዙ ሰርቨሮችን ማጨናነቅ ስለጀመሩ፣ በዚያው ዓመት ማርቲን ኮስተር የድረ ገጽ ባለቤት የትኛው ክፍል እንዳይነካበት የሚያስታውቅበትን ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ የተባለ አጭር ፋይል አቀረበ። በወቅቱ ሌላ አማራጭም ነበር፤ ያሁ ሰዎች በእጃቸው የሚያደራጁት ማውጫ ነበረው፣ ዲሞዝ የተባለውም በበጎ ፈቃደኞች ይሞላ ነበር። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ ዲሞዝ በ2017 ተዘግቷል። ያሸነፈው ሊንክ ነው። በ1998 ጎግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ለሊንክ ሁለተኛ ሥራ ጨመሩለት። ወደ አንድ ገጽ የሚያመላክቱ ሌሎች ገጾች ብዛትና ክብደት ለዚያ ገጽ ምስክር ሆኖ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ ሊንክ መንገድም ምስክርም ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚያያዘው በዚህ ድርብ ሥራ ላይ ነው።

ዛሬ ያለው አሠራር በዝርዝሩ ቢረቅም በመሠረቱ አልተለወጠም። ሮቦቱ የሚያውቃቸውን አድራሻዎች በወረፋ ይዞ አንድ በአንድ ይከፍታል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ያገኛቸውን አዳዲስ ሊንኮች ወደ ወረፋው ይጨምራል። ማንም ያልጠቆመው ድረ ገጽ እዚያ ወረፋ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። ጎግል በ2005 ሳይትማፕ የተባለውን የገጾች ዝርዝር አስተዋወቀ፤ በ2006 ያሁና ማይክሮሶፍት ተቀበሉት። አንዱ ፋይል እስከ 50 ሺህ አድራሻ ይይዛል። ባለቤቱ በጎግል ሰርች ኮንሶል ድረ ገጹ የራሱ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ዝርዝሩን ሊያስገባ ይችላል። ቢንግና ያንዴክስ በ2021 ኢንዴክስናው የተባለ ፈጣን ማስታወቂያ ጀምረዋል፤ ጎግል ግን አልተቀላቀለም። ጎግል እንዲያውም በሮችን ሲዘጋ ነው የታየው። ማንም ሰው አድራሻ የሚጥልበትን ክፍት ቅጽ በ2018 ዘጋ፤ በ2023 ደግሞ ሳይትማፕ መኖሩን ወይም መለወጡን ማንም የሚያስታውቅበትን መቀስቀሻ እንደሚያቆም አስታወቀ፣ ምክንያቱንም ሲገልጽ በዚያ በኩል ከሚመጣው አብዛኛው አይፈለጌ ነገር መሆኑን ተናገረ። ራሱን ከሚያስተዋውቀው ብዙው ስለሚዋሽ፣ የሌላ ሰው ጥቆማ ዋጋው ከፍ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ባለሙያ «ሳይትማፕ ካስገባሁ ሊንክ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ደረጃዎችን ያደባልቃል። አድራሻን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሄዶ ማንበብ ሌላ ነው፣ አንብቦ በፍለጋ ማውጫ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሳይትማፕ የሚያግዘው ለመጀመሪያው ነው። ሰርች ኮንሶልን የሚከታተል ሰው «ተገኝቷል፣ ማውጫ ውስጥ ግን ገና አልገባም» የሚል ትርጉም ያለውን ምልክት ያውቀዋል። ጎግል አድራሻውን አውቆታል፤ ለመሄድ ግን አልቸኮለም። ኩባንያው በመመሪያው እንዳስቀመጠው ንባቡ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ማውጫ ውስጥ ለመግባትም ዋስትና የለም። ሮቦቱ ወዴት ቀድሞ እንደሚሄድ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ገጹ በሌሎች ዘንድ ያለው ተፈላጊነት ነው። ሃያ ገጽ ብቻ ያለው የብረታ ብረት አምራች ድረ ገጽ ለጎግል ሸክም አይደለም። የጎደለው ሮቦቱን የሚያስቸኩል ምስክር ነው። እርግጥ ነው፣ ተራ የባለሙያ ስህተትም አለ። ድረ ገጹ ሲገነባ ሮቦት እንዳይገባ የበራ መከልከያ ከምረቃው በኋላ ሳይጠፋ ይረሳል። ይህ ግን በደቂቃ የሚስተካከል ነው።

የእኛ ድረ ገጾች ለምን እርስ በርስ አይጠቋቆሙም? መልሱ ከታሪካችን ጋር የተያያዘ ነው። ዶት ኢቲ የተባለው የሀገሪቱ መለያ በ1995 ተሰጠ፤ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1997 ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው ግን በ1999 ነበር። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት አማርኛ በድር ላይ የሚወጣው በየራሱ ፎንት፣ በሥዕል ወይም በፒዲኤፍ ሲሆን፣ በየራሱ ፎንት የተጻፈው ለሮቦቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር፣ በሥዕል የወጣውም ባዶ ገጽ ነበር። ዩኒኮድ በስልኮቻችን በተለመደበት ጊዜ ደግሞ ወደ ፌስቡክ፣ ከዚያም ወደ ቴሌግራም ተሻግረን ነበር። የመርካቶ ነጋዴ የዕቃ ዝርዝር ዛሬ የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥርና «ዋጋ በኢንቦክስ»። የፌስቡክ አብዛኛው ይዘት መግቢያ ይጠይቃል፤ የቴሌግራም ዝግ ግሩፕም ለሮቦት የተቆለፈ ነው። በማኅበራዊ ገጾች ላይ የሚለጠፍ ሊንክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኖፎሎው የሚባል ምልክት ይዞ ይወጣል። ምልክቱን የፍለጋ ኩባንያዎች በ2005 ያወጡት ሊንኩ እንደ ምስክር እንዳይቆጠር ነው፤ ጎግል ከ2019 ወዲህ እንደ ፍንጭ ብቻ ቢያየውም ከተራ ሊንክ ጋር አያስተካክለውም። ሕዝባችን ሲጠቋቆም ይውላል፤ የሚጠቋቆመው ግን ሮቦቱ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ቋንቋችን ነው እንቅፋቱ የሚሉ ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። በድር ላይ ካለው ጽሑፍ የአማርኛው ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በጣም ያነሰ ነው። ሠራተኛን በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰው በእሳቱ ሰ የተጻፈውን ላያገኝ ይችላል። ይህ ችግር የሚመጣው ግን ገጹ ማውጫ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ሮቦቱ ሊንክ ለመከተል አማርኛ ማንበብ አያስፈልገውም። የኢንተርኔት መቋረጥም ይነሳል፣ መነሳቱም ትክክል ነው። በ2020 ከድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ የመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ሰርቨሩ ሀገር ውስጥ የሆነ ድረ ገጽ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሮቦቱ መልስ ሊነፍግ ይችላል፤ ዝምታው ሲረዝም ጉብኝቱ ይቀንሳል፣ ገጾቹም ከማውጫው መውጣት ይጀምራሉ። ይሁንና በውጭ ሀገር ሰርቨር ላይ የተቀመጡ ብዙ ድረ ገጾቻችንም እንዲሁ አይታዩም፤ ስለዚህ መዘጋቱ ብቻውን ነገሩን አያስረዳም።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የነጋዴው ነው። «ቴሌግራም ላይ እየሸጥኩ ነው፤ ተፎካካሪዬን በገጼ ላይ ለምን ልጠቁም?» ይላል። ቴሌግራም ለሚያውቀው ደንበኛ በቂ ነው። ከደሴ ወይም ከዋሽንግተን ሆኖ የከሰል ምድጃ በጅምላ የሚፈልግ ሰው ግን የቻናሉን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የሚፈልገውን ዕቃ ነው፣ እሱንም ጎግል ላይ ይጽፈዋል። ለጽሑፍ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችም በአብዛኛው የተማሩት በ2007 ተመሥርቶ ድርን በሮቦት እየሰበሰበ እንዳለው ኮመን ክሮል ካሉ ክምችቶች ነው፤ እዚያም ያልተጠቆመ ገጽ የመነበብ ዕድሉ ትንሽ ነው። ስለ ተፎካካሪ ደግሞ ምን አለሽ ተራ ራሱ መልስ አለው። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጎን ለጎን የሚቀመጡት አንዱ የሌላውን ገዢ ስለሚስብ ነው፤ ዕቃው የለኝም ብሎ ወደ ጎረቤት የላከ ነጋዴም ነገ በተራው ይላክለታል።

ሊንክ በገንዘብ ገዝቶ ማሟላት ግን አያዛልቅም። ጎግል በ2012 ፔንግዊን በተባለው ማሻሻያው እንዲህ ያለውን ገበያ ቀጥቷል፤ «በሳምንት አንደኛ ገጽ ላይ እናወጣሃለን» የሚል አገልግሎት ሻጭም ይህን አይናገርም። የሚሠራው እውነተኛ ግንኙነትን በድር ላይ መመዝገብ ነው። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የአባላቱን ድረ ገጽ ከነሊንኩ ቢዘረዝር፣ ሪፖርተርና አዲስ አድማስ ጋዜጦች ስለ አንድ አምራች ሲጽፉ ስሙን ወደ ድረ ገጹ ቢያያይዙት፣ የላሜራ አስመጪው ምድጃ የሚሠሩ ደንበኞቹን፣ ምድጃ ሠሪውም ላሜራውን የሚገዛበትን አስመጪ በየገጻቸው ቢጠቅሱ፣ ሮቦቱ ከአንዱ በር ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ ይኖረዋል። የአንድም የውጭ ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለእያንዳንዱ ሊንክ የሚጠየቀው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።