በራሷ ጉዳይ የምትሄድ ሴት፤ ስለ ምናብ ጨዋታ ገጸ ባሕርያት

በአገራችን ማታ እሳት ከበው የሚቀመጡ ልጆች እንቆቅልሽ ሲጫወቱ፣ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም እግሩ ያልረገጠውን፣ ሥልጣኑም ያልደረሰበትን አገር በአንዲት ቃል ይሰጣል፤ ተቀባዩም ያለ ዐዋጅና ያለ ነጋሪት ይነግሥበታል። በቃል አገር ሰጥቶ በቃል መንገሥ ለእኛ የቆየ ልማድ ነውና፣ ዛሬ ለአንባቢ የማስተዋውቀው ጨዋታ ከባሕር ማዶ ቢመጣም ጠባዩ እንግዳ አይሆንብንም።

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው የሰየሙትን የጨዋታ ደንብ በ1966 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974) በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አሳትመው አወጡ፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ አምሳያ ወጥቶለታል። ጥቂት ወዳጆች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡና እያንዳንዱ የአንድ ወታደር፣ የአንድ መንገደኛ ወይም የአንድ ሊቅ ሰብእና ለብሶ የሚያደርገውን ሁሉ በአንደበቱ ይናገራል፤ ነገሩ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜም ዳይስ የሚሉት ሃያ ገጽ ያለው የዕጣ ጠጠር ተጥሎ ይፈርዳል። ከመካከላቸው አንዱ ግን አጫዋች ነው፤ ዳኛው፣ ነጋዴው፣ ሽፍታው፣ በር ጠባቂው፣ ባጭሩ ማንም ተጫዋች ያልያዘው ፍጥረት ሁሉ በእርሱ ልሳን ይናገራልና።

ጀማሪ አጫዋች ለእነዚህ ሰዎች የትውልድ ሐረግ ሲቈጥርና መልካቸውን ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ሲጽፍ ያመሻል፤ ተጫዋቾቹ ግን በማግስቱ አንዱንም አያስታውሱትም። ምክንያቱም ያ ሰው እነርሱን ሲጠብቅ ተገትሮ የተገኘ፣ ጥያቄያቸውን መልሶ የሚጠፋ፣ የራሱ ጉዳይ የሌለው ሰው በመሆኑ ነው። በአንጻሩ በቀትር፣ በስድስት ሰዓት፣ ውኃ ልትቀዳ ወደ ያዕቆብ ጕድጓድ የመጣችውን ሳምራዊት እናስብ፤ ወንጌል ስሟን አልጻፈም፣ መልኳንም አልነገረንም፤ ነገር ግን በራሷ ጉዳይ መጣች፣ ስለ አባቶቿ ተራራ ተከራከረች፣ በመጨረሻም እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሄደች፤ ስለዚህ ምእመን ሁሉ ያውቃታል።

በራሱ ጉዳይ የሚሄድ ሰው የመፍጠርን ሥርዓት ወደምናውቀው ምድር እናምጣው። ተጫዋቾች በአርሲ ደጋ፣ ከገብሱ ማሳ መካከል፣ ወደ ጮሌ በሚወስደው መንገድ ይጓዛሉ እንበል፤ ከወንዙም ዳር ሁለት ቤተሰቦች በውኃ ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ ይደርሳሉ። በዚያው መንገድ አንዲት አሮጊት ለአራስ ልጃቸው ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፤ በእጃቸውም ሲንቄ አለች። ሲንቄ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናት ለሙሽራ ልጇ በሠርጓ ዕለት የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ለመምቻ ሳትሆን ያገባች ሴት የክብሯና የመብቷ ትእምርት ናትና፣ ሴቶች እርሷን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ሲቆሙ ወንዶች እጃቸውን እንዲሰበስቡ ወጉ ያዛል። አሮጊቷ መንገዳቸውን ትተው በጠበኞቹ መካከል ይቆማሉ፤ ከዚያም ወደ መንገደኞቹ ዘወር ብለው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ይህ ነገር ሳይበርድ ከዚህ አልነቃነቅም፤ ይህን ቅቤ ፀሐይ ሳይመታው ለአራሷ አድርሱልኝ» ይላሉ።

እነሆ፣ አጫዋቹ የጻፈው ሦስት መስመር አይሞላም፤ በእጃቸው ያለችው በትር፣ በልባቸው ያለችው አራስ፣ ከወግም የተነሣ አልፈው ሊሄዱ የማይችሉት ጠብ፤ ይኸው ነው። ድምፃቸውንም ለመለየት አጫዋቹ እንደ ተዋናይ መድከም አያሻውም፤ በቀስታ ተናግሮ «ልጆቼ» የምትለዋን ቃል ሳይረሳ ከያዘ ይበቃዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማስታወስ ነው፤ ተጫዋቾቹ ከብዙ ጨዋታ በኋላ በዚያ መንገድ ሲመለሱ አሮጊቷ ቅቤው መድረሱን ወይም መቅረቱን ያውቃሉ፣ እንደ ሥራቸውም ይቀበሏቸዋል፤ አጫዋች በማስታወሻው ሊጽፍ የሚገባው ይህን ነው።

ይህ ጥበብ የሚያስተምረን ሰውን ማክበር ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመንገዳችን የምናገኘው ሰው ከእኛ በፊት የጀመረው፣ ከእኛም በኋላ የሚቀጥለው ሕይወት አለውና። በእንቆቅልሽ የተሰጠ አገር በንጋት የሚጠፋው ንጉሥ እንጂ ነዋሪ ስለሌለው ነው፤ አንዲት አሮጊት ቅቤ ይዘው የሚያልፉበት አገር ግን እሳቱ ከጠፋም በኋላ ይኖራል።