በቤንዚን ሞተር ፋንታ የናፍጣ ሞተር ስለ መግጠም፤ የቢቸናንና የሞጣን መንገድ በማሰብ

በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙት የቢቸናና የሞጣ ከተሞች ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል ወደነዚህ ከተሞች የሚሄድ መኪና አስቀድሞ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ይህ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቁልቁለቱም ዳገቱም እያንዳንዳቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ናቸው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚገባውን ደግሞ በክረምት የዋልካ ጭቃ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በዚህ አገር ለሚሠራ ሰው በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። እንዲህ ያለ አሮጌ የቤንዚን መኪና ያለው ሰው ሞተሩ ሲደክምበት «የናፍጣ ሞተር ባስገባበትስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ነገሩ የሚቻል መሆኑንና ምን ካልተሟላ አደጋ እንደሚያመጣ ይመረምራል።

1. የሁለቱ ሞተሮች ልዩነት

የቤንዚን ሞተር ቤንዚንና አየር ደባልቆ ካመቀ በኋላ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ብቻ ወደ አንድ ሃያኛ ገደማ እስኪያንስ ድረስ ያምቀዋል። አየሩ በመታመቁ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል፣ ፖምፓው የሚልከው ናፍጣ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ከዚህም ሦስት ጥቅም ይገኛል። አንደኛ፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ሁለተኛ፣ በዝግታ ሲዞርም ጉልበት ስላለው ለጭቃና ለዳገት ይስማማል። ሦስተኛ፣ ብልጭታ የሚያከፋፍል መሣሪያ ስለሌለው ወንዝ ሲሻገር በርጥበት ምክንያት አይጠፋም። ሆኖም ውሃ በአየር ማስገቢያው ከገባ፣ ውሃ የማይታመቅ ነገር በመሆኑ የፒስቶኑን ዘንግ ያጣምመዋል።

2. በሌሎች አገሮች የተደረገው

ሐሳቡ አዲስ አይደለም (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የእንግሊዙ ላንድ ሮቨር ፋብሪካ በ1956 በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለውን ርቀት ከ86 ወደ 88፣ ከ107 ወደ 109 ኢንች ያረዘመው ለናፍጣ ሞተር ቦታ ለማግኘት ነበር። በብራዚል ይሠራ የነበረው ቶዮታ ባንዴራንቴ ከ1962 ጀምሮ የመርሴዲስ ቤንዝ የናፍጣ ሞተር ተገጠመለት። በአውስትራሊያም በ1980ዎቹ ዓመታት ለላንድ ሮቨር 3.9 ሊትር የሆነው የኢሱዙ የጭነት መኪና ሞተር ገባለት። የሕንድ ማሂንድራ ጂፖችም በፔዦ የናፍጣ ሞተር ሠርተዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው ትምህርት አለ። የተሻለው ሞተር መለዋወጫውና የሚጠግነው መካኒክ በአቅራቢያ የሚገኝለት ነው። ለሞጣ ሰው ዕቃው በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ካልተገኘ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን መኪናው ቆሞ ይቀራል።

3. አብረው የሚለወጡ ነገሮች

ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዘው ብረት በቶርኖ በጥንቃቄ መሠራት አለበት። የሁለቱ ዘንጎች መካከል በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ እንኳ ከተዛነፈ ፍሪሲዮኑና ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃሉ። የናፍጣ ሞተር ዙሩ አነስተኛ ስለሆነ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ካልተለወጠ መኪናው በሜዳ ላይ ያዘግማል። ክብደቱም ስለሚበልጥ የፊቱ ባሌስትራ መጠንከር ይኖርበታል። ሞተሪኖውና ባትሪውም ከበፊቱ የበለጠ ኃይል ሊኖራቸው ያስፈልጋል። ናፍጣ በበርሜል በሚቀመጥበት ስፍራ ውሃ ስለሚቀላቀልበት፣ ውሃ የሚለይ ማጣሪያ ካልተደረገ ፖምፓው ይበላሻል።

4. የከፍታው ነገር

በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚሁ መጠን ገደማ ያጣል። ለምሳሌ 80 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር ሞጣ ላይ የሚሰጠው 60 ያህል ነው። ፖምፓው ለቆላ እንደ ተስተካከለ ከቀረ ናፍጣው ለአየሩ ይበዛና ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ነዳጁ ይባክናል፤ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል።

5. ቁልቁለቱና ፍሬኑ

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው። በብዙ የቤንዚን መኪናዎች ፍሬኑን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው የመምጠጥ ኃይል ነው። የናፍጣ ሞተር አየር የሚያስገባበት በር ዘወትር ክፍት ስለሆነ ይህ ኃይል አይገኝም። ስለዚህ አየር የሚመጥ ልዩ ፖምፓ ካልተጨመረ ሾፌሩ ፍሬኑን በእግሩ ጉልበት ብቻ ሊይዝ ይገደዳል። ከዚህም በላይ በናፍጣ ሞተር ውስጥ የታመቀው አየር ፒስቶኑን መልሶ ስለሚገፋው፣ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም። ከብዶ የተጫነ መኪና በዚህ ሁኔታ ወደ ዓባይ ቢወርድ ፍሬኑ ግሎ ሊከዳ ይችላል።

6. ትርፍና ኪሳራ

አንድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር ቤንዚን ይፈጅ ነበር፣ ከተለወጠ በኋላ ግን 12 ሊትር ናፍጣ ይበቃዋል እንበል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 60 ሊትር ይተርፋል፤ 200 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ ግን 12 ሊትር ነው። የሞተሩ፣ የቶርኖውና የመካኒኩ ዋጋ በዚህ ቁጠባ ሲካፈል ወጪው በስንት ወር እንደሚመለስ ይታወቃል። ጥቂት ለሚሄድ መኪና የቤንዚኑን ሞተር ማደስ ይሻላል። አዲሱ ሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ከሰፈረው ስለሚለይ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ ይገባል።

ማጠቃለያ

በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስናስብ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ የማኖር ጥያቄ ወደፊት ይበልጥ እንደሚነሳ መገመት አያዳግትም። ከላይ እንደ ተመለከትነው ለውጡ የሚቻል ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ የጉልበቱና የፍጥነቱ ነገር ሊቆይ ይችላል፤ የፍሬኑ ግን አይቆይም። ፍሬኑ ያልተሟላለት መኪና ሞተሩ ምንም ያህል ቢያምር ከደጀን ቁልቁል እንዲወርድ ሊፈቀድለት አይገባም።