እምቦሳው ጠግቧል?

ላም ስትወልድ የቤቱ ሰው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ጋቷ ላይ ነው፤ ስንት ሊትር ትሰጥ ይሆን? የላሟ ጥጃ ግን የተወለደው በሽታ የሚቋቋምበት አቅም ሳይኖረው ነው። ሰው በእናቱ ማህፀን ሳለ የሚያገኘውን መከላከያ የላም የእንግዴ ልጅ አያሳልፍም። እምቦሳው ያን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጊዜው አጭር ነው። አንጀቱ መከላከያውን ወደ ደም የማሳለፍ አቅሙ ከተወለደ ጥቂት ሰዓታት በኋላ መድከም ይጀምራል፤ አንድ ቀን ሲሞላው ይዘጋል። በማግስቱ የቱንም ያህል ቢጠባ ያመለጠው አይመለስም።

ሊጠባው የሚገባው እንገር የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ 30 ኪሎ ለሚመዝን የዲቃላ ላም ጥጃ 3 ሊትር ገደማ። «እንገር ሲበዛ ተቅማጥ ያስይዘዋል» ተብሎ ቀድሞ የሚታለብበት ቤት አለ። በጣም ያሳዝነኛል፤ ተቅማጥ ይበልጥ የሚበረታው እንገር በተነፈገው ጥጃ ላይ ነውና። ሰው የሚቀምሰው እሱ ከጠገበ በኋላ የተረፈውን ይሁን።

ከእናቱ ሥር መዋሉ ለመጥገቡ ዋስትና አይሆንም። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ላም ልትራገጥ ትችላለች፣ የጡት ቀዳዳም ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጡት ጨመቅ አድርጎ ማየት ነው። ደህና የሚጠባ ጥጃ ጭራውን ይወዘውዛል፣ በአፉ ዳር አረፋ ይታያል፤ ሲጨርስ ጎኑ ሞላ ብሎ ይተኛል። የራበው ጋቱን ደጋግሞ እየጎሸመ ከጡት ጡት ይዘላል፣ ይጮኻል። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ዝም ያለው ነው፤ ለመጮኽም አቅም አጥቶ ይሆናል። የታጠበ ጣት አፉ ውስጥ ክተቱ። ሞቅ ያለና ጣቱን አጥብቆ የሚስብ ከሆነ መልካም፤ ከቀዘቀዘና ካልሳበ አደጋ ላይ ነው። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ዓይኑም ከሰረጎደ ውሃ አልቆበታል።

የእንገሩ ጊዜ ካለፈ በኋላም ጥጃው ወተቱን እንዳስወረደ ተነጥቆ ላሟ ሙልጭ ተደርጋ ስትታለብ ለእሱ የሚቀረው ጥቂት ነው። ሦስቱን ጡት አልቦ አንዱን ለእሱ መተው ይሻላል።

ላማችሁ ስትወልድ ሰዓት ያዙ። በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጠባ እንገሩን አልባችሁ ሳይቀዘቅዝ በንጹሕ ጡጦ አጥቡት፤ ወደ ጉሮሮው ግን አታንቆርቁሩበት፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል። መሳብ ካቃተው የእንስሳት ሐኪም ለመጥራት አትዘግዩ።