የተጠላ አሳቂ ለፊልም የሚያተርፈው

አሳቂ ገጸ ባሕርይ ወደ ፊልም የሚገባው የታሪኩን ክብደት ለማቅለል ነው። በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በሻሸመኔ ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ለዚህ አስረጂ አያሻውም፤ እናት ልጇን አጥታ ስታለቅስ ቆይታ ቀልደኛው ብቅ ሲል ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ተመልካች አሳቂውን የጠላው እንደሆነስ? ተከታታይ ፊልም ከዚህም ሊጠቀም እንደሚችል የስታር ዋርሱ ጃር ጃር ቢንክስ ያሳያል።

ጃር ጃር የጆርጅ ሉካስ ስታር ዋርስ ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ በአዲስ ፊልም ወደ ሲኒማ ሲመለስ አብሮ የመጣ፣ ጆሮው የተንዘረፈፈ፣ እጅ እግሩ የማይታዘዝለት ፍጡር ነው። ልጆች ሳቁለት። የቀድሞዎቹን ፊልሞች በልጅነታቸው ያዩ ጎልማሶች ግን አምርረው ጠሉት፤ አነጋገሩ በካሪቢያን ጥቁሮች ላይ ያሾፋል ያሉ ተቺዎችም ነበሩ። ያም ሆኖ ፊልሙ በመላው ዓለም ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ትልቁ ትርፍ የተገኘው በሙያው በኩል ነው። ተዋናዩ አህመድ ቤስት በቀረጻ ጊዜ የጃር ጃርን ልብስ ለብሶ፣ የፍጡሩን ጭንቅላት ከራሱ በላይ ደፍቶ ይጫወት ነበር፤ ባልደረቦቹ ሲያናግሩት የሚያዩት ከግንባሩ በላይ ያሉትን የጃር ጃርን ዓይኖች ነው። መጀመሪያ የታሰበው ጭንቅላቱን ብቻ በኮምፒውተር ለመተካት ነበር፤ ኋላ ግን መላ አካሉን መሥራቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ጃር ጃር ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተሠርተው ከሰው ተዋንያን ጋር ሰፊ ሚና ከተጫወቱ የመጀመሪያ ገጸ ባሕርያት አንዱ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ብዙ የተደነቀው ጎለም የሄደው በዚሁ በተጠረገ መንገድ ነው።

ታሪኩም ተጠቅሟል። በ2002ቱ ፊልም የጃር ጃር ሚና አነሰ፤ ሉካስ ግን ጨርሶ አላወጣውም። የሕዝብ እንደራሴ አደረገውና ኋላ አምባገነን ለሚሆነው መሪ ለፓልፓቲን ልዩ ሥልጣን ይሰጠው የሚለውን ሐሳብ በእሱ አፍ አስቀረበ። ሪፐብሊኩን ለአምባገነን አሳልፎ የሰጠው ክፉ ሰው ሳይሆን የዋህ ነው። ተመልካቹ ቀድሞውንም በሞኝነቱ ሲበሳጭበት ስለቆየ ሐሳቡን ከእሱ መስማቱ አይገርመውም። ተወዳጅ ጀግና ቢያቀርበው ይህን ያህል አያሳምንም ነበር።

ይህ ሁሉ ትርፍ ግን ለተዋናዩ አልደረሰውም። ውርጅብኙ ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ እንዳደረሰው ቤስት በ2018 ተናግሯል፤ የትኛውም የፊልም ገቢ የማያካክሰው በደል ነው። በ1999 የሳቁለት ልጆች አድገው ነገሩን ለወጡት። በ2023 ቤስት በማንዳሎሪያን ተከታታይ ሕፃኑን ግሮጉን የሚያድን ጄዳይ የተባለ ተዋጊ ሆኖ ሲመጣ በደስታ ተቀበሉት፤ በዓመቱም ያው የ1999ኙ ፊልም 25ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ እንደገና በሲኒማ ቤቶች ታየ።