ከሩቅ ሆኖ የቢሮን ሥራ መሥራት
ባለፈው ሳምንት ከአንዲት የወረዳ ከተማ ሆነን፤ በእጅ ስልካችን ኢንተርኔት አማካይነት አዲስ አበባ ያለውን የቢሮ ኮምፒዩተር ከፍተን፤ በማግሥቱ የሚቀርብ የበጀት ሠንጠረዥ ለማረም ተቀመጥን። 10 ብለን ስንጽፍ ዜሮዋ ብትዘገይብን ደግመን መታናት፤ አሥሩ መቶ ሆኖ ብቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንነካት ፊደል ሁሉ ወደ ቢሮው ሄዳ ምስሏ ተመልሶ ካልመጣ በቀር ለዓይናችን አትታይም። የጀርባውን ሥዕል ማጥፋትና ቀለሙን ከ32 ቢት ወደ 16 ማውረድ ሸክሙን ያቀላል፤ መንገዱን ግን አያሳጥርም። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ሞሽ የተባለው ፕሮግራም መልሱን ሳይጠብቅ ፊደሏን በግምት ያሳያል፤ ያልተረጋገጠችውንም ያሰምርባታል። ምን ያደርጋል፤ ለጽሑፍ ትእዛዝ እንጂ ለሠንጠረዥ አይሆንም። እኛም ፋይሉን ወደ ራሳችን ኮምፒዩተር ገልብጠን፤ መቶውን አሥር አድርገን፤ በአንድ ጊዜ መልሰን ላክነው።