መኪና የምንከራየው ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ነውን?

ለመጨረሻ ጊዜ መኪና የተከራዩት ለምን ነበር? ብዙዎቻችን ይህን ብንጠየቅ መልሳችን ከሁለት ነገር አያልፍም፤ ወይ ለሙሽራ፣ ወይ ለለቅሶ። ለሙሽራ ሲሆን መኪናዋ ታጥባና በአበባ አጊጣ ጥሩምባዋን እያስጮኸች ትሄዳለች። ለለቅሶ ሲሆን ዘመድ ገንዘብ ያዋጣና አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሌሊቱን አገር ቤት ይገባል። በሁለቱም ጊዜ እናት ከኋላ ወንበር ተጣብቃ፣ የምግቡን ዕቃ በጭኗ ይዛ ትጓዛለች። ለራስ ደስታ፣ ለልጆችና ለአሮጊት እናት ሲባል ብቻ ጠንካራ መኪና ተከራይቶ መንገድ መውጣት ግን ከቅንጦት ሲቆጠር ኖሯል። እስቲ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ጥቂት እንጨዋወት።

በዚህ ነገር የተካኑት አሜሪካኖች ናቸው። «የጡንቻ መኪና» የሚሉት አንድ ዓይነት መኪና አላቸው። ስሙ ያስደነግጥ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ተራ የቤተሰብ መኪና ይወሰድና ከኮፈኑ ሥር ትልቅ፣ ብዙውን ጊዜ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ይገጠምለታል። ከዚሁ ወገን ስሟ የገነነው የፎርድ ፋብሪካ ሙስታንግ ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ስትታይ ስሟም መልኳም የፈረስ ነበር። የተሠራችው ግን ፋልከን በምትባል ርካሽ የቤተሰብ መኪና አጥንት ላይ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚባለው ለሙስታንግም ይሠራል።

ከመታየቷ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሺካጎ ላይ አንዷን ገዝታ ወደ ቤቷ የነዳችው፣ የመጀመሪያዋ ገዢ ተብላም የምትታወቀው፣ የ22 ዓመት ወጣት ሴት አስተማሪ ነበረች። ይህን ኃይለኛ መኪና የወንዶች ጉዳይ ብቻ አድርገው ለሚያወሩ ሁሉ ይነገርልን።

ወደ ኪራዩ እንመለስ። ሄርዝ የተባለው አከራይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ካሮል ሼልቢ ከሚባለው የእሽቅድምድም ሰው ጋር ተስማምቶ አንድ ሺህ ያህል ኃይለኛ ሙስታንጎችን ለኪራይ አሠራ። አብዛኞቹ ጥቁር ሆነው የወርቅ ቀለም መስመር ነበራቸው። ኪራዩ በቀን 17 ዶላር፣ በየማይሉ ደግሞ 17 ሳንቲም ነበር። ከተከራዮቹ አንዳንዶቹ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ መወዳደሪያ ሜዳ ወስደው አሽቀዳድመዋት ሰኞ ጠዋት ምንም እንዳልተደረገ ይመልሷት ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። እኔን የሚገርመኝ እሽቅድምድሙ አይደለም። ደመወዝተኛ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢቆጥብ የማይገዛትን መኪና ለሁለት ቀን የራሱ ማድረግ መቻሉ ነው። የጋራዥ ወጪው፣ ግብሩ፣ የማደሪያው ሐሳብ ለባለቤቱ ይቀራል፤ ተከራይ ደስታውን ብቻ ይወስዳል።

በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከልም እንዲህ ዓይነት መኪና ተከራይቶ ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው የተራራ ጫፍ መንገድ መውጣት የሚወድ አይጠፋም። መንገዱ 169 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሕግ የተፈቀደው ፍጥነት ግን በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ብቻ። ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ያላት መኪና እዚያ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ደስታውስ? ደስታው አለ። ጉልበቱ ከእግር ሥር እንዳለ እያወቁ አለመጠቀምም አንድ ደስታ ነው።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን በጎጃም አገር ክብርና ምቾት የነበረው ሰጋር በቅሎ ላይ ነው። የራሷ በቅሎ የሌላት ወይዘሮ ሠርግ ስትጠራ ከነኮርቻዋ ከዘመድ ትዋሳለች። ተውሳ ሄደች ብሎ የሚያማትም አልነበረም። ዛሬ በቅሎዋ በመኪና ተተካች፤ ውሰቱ ደግሞ በኪራይ። ነገሩ ያው ነው።

አሁን መንገዱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም 387 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቡሬ ከዚያ ጥቂት አለፍ ይላል። ፍልቅልቅ ያለው የሱሉልታና የፍቼ ሜዳ ለማንኛዋም መኪና ይመቻል። የመኪና ጡንቻ የሚፈተነው ጎሐ ጽዮን ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የአባይ በረሃ መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ የሚፈለገው ፍጥነት ሳይሆን ሞተሩ መኪናዋን ወደ ኋላ ይዞ እንዲያስቀር ነው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረግጡት አይዝም። የደንቡ አወራረድ ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን እየነኩ እየለቀቁ መውረድ ነው። የተቃጠለ ነገር ሽታ ከመጣብዎ አይፈሩ፤ «ወንድሜ፣ ጥግ ይዘህ ትንሽ እናሳርፋት» ይበሉ። ከፍለው የተከራዩት እርስዎ ነዎት፤ ከኋላ ያሉትም የእርስዎ ልጆች ናቸው።

ከታች ሙቀቱ ይቀበልዎታል። ልጆች ጆሯቸው ድፍን ይልና ያዛጋሉ፤ ሹራብ ይወልቃል፤ መስኮት ይከፈታል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ ድልድዩ ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቀድ ለልጆችዎ ወንዙን ማሳየት ከፈለጉ ገና ከላይ ሳሉ ተመልካች ከሚቆምበት ሰፊ ቦታ ላይ ያሳዩአቸው። ከዚያ በኋላ የደጀን ዳገት ነው። ደካማ መኪና እዚህ ላይ ታቃስታለች፤ ውሃ አፍልታ ኮፈኗን ከፍታ የምትቆምም አለች። ጠንካራዋ ግን ከላይ በገመድ የሚስቧት ይመስል ትወጣለች። የሰባ ዓመት እናት ከጋቢና ሆነው ገደሉን እያዩ «ወይ ጉድ!» ሲሉ መስማት ለኪራዩ ከተከፈለው ገንዘብ ግማሹን ይመልሳል።

ሌላውን ግማሽ የሚመልሰው መቆም ነው። ይህን ነገር ሴት አንባቢዎቻችን ከወንዶቹ የበለጠ ያውቁታል። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የምትሄድ እናት ከመናኸሪያ ከተነሳች ጀምሮ ውሃ አትጠጣም፤ ለምን ቢሉ፣ ከጠጣች አስቁሙልኝ ማለት ይመጣል፤ ስድሳ ሰው በሞላበት መኪና ውስጥ አስቁሙልኝ ማለት ደግሞ ያሳፍራታል። ነፍሰ ጡርም ሆነች የምታጠባ፣ ከንፈሯ እየደረቀ የቀኑን መንገድ ትጨርሳለች። በኪራይ መኪና ግን «እዚህ ጋ አቁምልን» የሚል ሥልጣን አለ። ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ለማየት መቆም ይቻላል፤ ደጀን ላይ ምሳ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና። ልጅ ሲያስመልሰው መቆም፤ መኪና ለሚያዞራት አያት ንጹሕ አየር እስክትቀበል ቆሞ መጠበቅ። የምዕራብ ጎጃም ሰው የሚኮራበትን በርበሬ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገበያ በእጅ እያገላበጡ፣ ሳይጣደፉ መግዛት። ለእኔ የኃይለኛ መኪና ትልቁ ኃይል ይህ ነው።

ዘመድዎ በገበዝ ማርያም በኩል ወይም በሌላ ገጠር የሚኖር ከሆነ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ያች ለምድር የቀረበች ሙስታንግ ብትመጣ ከአስፋልት በወጣች በጥቂት ደቂቃ ሆዷን ድንጋይ ይመታታል፤ በክረምት ዋልካው ውጦ ያስቀራታል። በእኛ አገር የጡንቻ መኪና ማለት ከፍ ያለች፣ በአራቱም ጎማዋ የምትገፋ ላንድክሩዘር ወይም ፒክአፕ ናት። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ስለ ተገለጸ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኪራይ መኪናም ሊቀርብልዎ ይችላል። ኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ቁልቁለት ሲወርድም ባትሪውን በከፊል መልሶ ይሞላል። ይሁንና መሙያው በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ በስልክ ሳያረጋግጡ ደጀንን ለመውጣት አይነሱ።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ። ፍኖተ ሰላም ደርሶ መልስ 774 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ወደ 77 ሊትር፣ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ ጉልበተኛ ደግሞ 129 ሊትር ትጠጣለች። ጡንቻ እንጀራ ይበላል። ለአንድ ደመወዝ ይህ ከባድ ነው፤ ለሦስት እኅትማማቾች ግን ይቻላል። በመሥሪያ ቤት ያሉ አምስት እናቶች ለፋሲካ ጉዞ ብለው ከመስከረም ጀምሮ ዕቁብ ቢጥሉ ለዚሁ ይበቃል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያን አጉድሎ፣ ተበድሮ መከራየትን ግን ይህ ገጽ አይመክርም።

ውል በጽሑፍ ይሁን። የስንት ቀን እንደሆነ፣ ነዳጁን፣ የሹፌሩን አበልና ማደሪያ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ብትበላሽ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። ሊብሬውንና ቦሎውን ይዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ የታዘዘ ነው፤ በመኪናዋ በራሷ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ግን አይሸፍንምና ሌላ መድን እንዳላት ይጠይቁ። ስኮርታ ጎማውን በእጅዎ ይጫኑት፤ ክሪኩንም ያስወጡና ይዩት። እኔና ዘመዶቼ አንድ ጊዜ ጎማ ፈንድቶብን ስኮርታው ቢወርድ ነፋስ የሚባል አልነበረበትም፤ ባለንብረቱ በስልክ «ትናንት ሙሉ ነበር» አለን፤ እኛም ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም አመሸን።

መንጃ ፈቃድ ያላት እናት ራሷ ልትነዳ ብትፈልግስ? ብዙ አከራዮች ለሩቅ መንገድ መኪናቸውን ያለ ሹፌር አይሰጡም፤ የሚሰጡም ጠንከር ያለ መያዣ ይጠይቃሉ። ሹፌር ካለ ምሳውን ከቤተሰቡ ጋር ይብላ፤ እንቅልፉንም ይተኛ። ከጨለመ በኋላ አይንዱ፤ በጎጃም መንገድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቱ በአስፋልቱ ላይ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።

ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የአሁኑ ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ይሁንና በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት የተነሳ ይህ መንገድ የተዘጋባቸውና መንገደኛን ያሰጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት እዚያው ያለ ዘመድ ይጠየቅ፤ በመነሻው ዋዜማ እንደገና ይጠየቅ። ዘመድ «ዘንድሮ ይቅር» ካለ ይቅር። ውሉ ላይም በዚህ ምክንያት ጉዞው ቢቀር ቀብዱ ይመለሳል የሚል ቃል ቢገባ መልካም ነው።

ደኅና ከደረሱ መንደሩ ወጥቶ ይቀበልዎታል። ትልቅ መኪና ከደጅ ሲቆም ሕፃናቱ ይከቡታል፤ ጎልማሶቹ በልባቸው ደመወዝዎን ያሰላሉ። በመጀመሪያው ሰዓት «የኪራይ ናት፣ አዋጥተን ነው» ቢሉ ይሻላል፤ አለዚያ በማግሥቱ ብድር ጠያቂው ይበዛል። ለሕፃናቱ ግን ትንሽ ዙር አይንፈጓቸው፤ እስከ ወንዙና መልስ።

መኪናዋን የሚመልሱት በተረከቡበት ሁኔታ ነው። ጭቃው ይታጠብ፤ ነዳጁ ይለካ፤ ከወንበር ሥር የቀረ የልጅ ካልሲ፣ የአያት መቁጠሪያ ካለ ይፈለግ። የበርበሬው ሽታ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ከመኪናዋ ስለማይወጣ ለባለቤቱ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ብልህ ሴት አንድ ጣሳ ቆንጥራ ትሰጠውና ነገሩ በዚያው ያልቃል።