ራጅ የሚያሳየውና የማያሳየው፤ ከወርቃ እስከ ዲላ

በጌዴኦ ዞን ደቡባዊ ክፍል የምትገኘው ወርቃ ስሟ በአመዛኙ የሚነሣው ከቡናዋ ጋር ተያይዞ ነው። ቡና በሚለቀምባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በአካባቢው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ማግኘት ያዳግታል። በእንሰት፣ በቡናና በጥላ ዛፎች በተሸፈነው ተዳፋት መሬት ላይ ተንሸራቶ ወይም ከዛፍ ወድቆ እጁን አሊያም እግሩን የሚጎዳ ሰውም በዚሁ ወቅት አይጠፋም። ተጎጂው በቅርብ ወዳለው ወጌሻ ይሄዳል፤ ወይም ራጅ ወደሚገኝበት ሆስፒታል ይጓዛል። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የጉዳቱ ክብደት ሳይሆን የመንገዱ ርቀትና በኪስ ያለው ገንዘብ ነው።

ወጌሻ በኅብረተሰቡ ዘንድ ትልቅ አክብሮት ያለው ባለሙያ ነው። የወለቀ መገጣጠሚያ በመመለስ በኩል ከአባት የወረሰው ልምድ ብዙዎችን ጠቅሟል። ችግሩ ያለው አጥንቱ በውስጥ እንዴት እንደተሰበረ ማየት አለመቻሉ ላይ ነው። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር እብጠቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። በዚህ ምክንያት ደም ወደ ጣቶቹ መድረስ ያቅተዋል። የአጥንት ሐኪሞች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የሚያጋጥሟቸው፣ በተለይም በሕፃናት ላይ የሚታየው የእጅና የእግር መቆረጥ አንዱ መነሻ ይኸው ነው። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ የቀዘቀዙ፣ የደነዘዙ፣ የጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየባሰበት የሄደ ሰው ማሰሪያው ወዲያውኑ ሊፈታለትና ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። እስከ ነገ ይታይ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ወጌሻውም ቢሆን ስብራት የጠረጠረውን ሰው ሳያስር "መጀመሪያ ራጅ ተነሣ" ብሎ ቢልከው ክብሩ አይቀንስም።

"ራጅ" የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ጨረር ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው። የግኝቱ ታሪክም ከኢትዮጵያ ጋር ባልተጠበቀ መንገድ ይገናኛል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም ሲሆን፣ የዓድዋ ድል የተመዘገበው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የጣሊያን ወታደሮች መካከል ሁለቱ በዚያው ዓመት በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ራጅ ተነሥተው ነበር፤ ዓላማው በክንዳቸው ውስጥ የቀሩትን ጥይቶች ማግኘት ነበር። ይህም ራጅ ለጦር ጉዳት ሕክምና ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

የራጅ አሠራር ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ጨረሩ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ አጥንት አብዛኛውን ስለሚያስቀር ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አየር የሞላው ሳንባ ደግሞ ስለሚያሳልፈው ይጠቁራል። ሥጋ፣ ደምና ውኃ በመካከል ባለ ግራጫ ቀለም ይቀርባሉ። ምስሉ ጥላ በመሆኑ ከፊት ብቻ የተነሣ ስብራት ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህም አጥንት ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ጨምሮ መነሣት እንዳለበት የሙያው ደንብ ያዛል። አንዳንድ ስብራት ግን፣ ለምሳሌ በእጅ አንጓ ላይ የሚገኙ ትንንሽ አጥንቶች ስብራት፣ በመጀመሪያው ቀን ጨርሶ ላይታይና ከ10 እስከ 14 ቀናት በኋላ ሲደገም ሊገለጥ ይችላል። አንድ ሕፃን ሳንቲም ቢውጥ በራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ወደ መተንፈሻ ቧንቧው የቡና ፍሬ ወይም ባቄላ ቢገባበት ግን ፍሬው ራሱ አይታይም። ሐኪሙ የሚያነበው ፍሬው ከዘጋው ቧንቧ በስተጀርባ ያለው ሳንባ ያሳየውን ለውጥ ነው። "ራጁ ንጹሕ ነው" የሚለው ቃል "በሽታ የለም" ከሚለው ጋር አንድ አለመሆኑን ሕመምተኛው ሊያውቅ ይገባል።

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ በመሆኗ የደረት ራጅ ከፍተኛ ድርሻ አለው። ይሁንና ራጅ የሚያመለክተው ጥርጣሬን ነው፤ በሽታውን የሚያረጋግጠው የአክታ ምርመራ ነው። የድሮ ጠባሳና አዲስ በሽታ በምስል ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች የደረት ራጅ በኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲነበብ የፈቀደውም ለልየታ ነው። እዚህ ላይ ተራ የሚመስል ነገር ግን ውጤቱን የሚለውጥ ጉዳይ አለ። ለደረት ራጅ ታካሚው አየር በደንብ ስቦ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ትእዛዙን ካልተረዳ ሳንባው ይጨማደድና ምስሉ በሽታ ያለበት ይመስላል። ከወርቃ ገጠር ለመጡ አዛውንት ትእዛዙን በጌዴኡፋ የሚነግራቸው ሰው መኖሩ ከማሽኑ አዲስነት ያላነሰ ጥቅም አለው።

አልትራሳውንድ ከራጅ በተለየ መንገድ ይሠራል። ጨረር የለውም፤ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ሰውነት ልኮ የሚመለሰውን ማሚቶ ወደ ምስል ይለውጣል። የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅ ለመፈለግ ያገለግል የነበረውን መሣሪያ ለሕክምና አውሎ ውጤቱን በ1950 ዓ.ም አሳትሟል። በአየርና በአጥንት ውስጥ ስለማያልፍ ለሳንባና ለአንጎል ምርመራ ያለው ጥቅም ውስን ነው፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን ምትክ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። ምክንያቱ የፅንሱን ጾታ ማወቅ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው የእርግዝናው ዕድሜ ነው፤ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ለማታስታውስ እናት ይህ ካልታወቀ ምጡ ያለጊዜው ይምጣ ወይም ይዘግይ መለየት አይቻልም። ቀጥሎ መንታ መሆን አለመሆኑ፣ የፅንሱ የልብ ምትና የእንግዴ ልጁ አቀማመጥ ይታያሉ። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ከሸፈነ ሕመም የሌለው ድንገተኛ ደም መፍሰስ ሊከተል ይችላል፤ በዚህ ሁኔታ መውለድ የሚቻለውም በቀዶ ሕክምና ነው። በ20 ሳምንት ዝቅ ብሎ የታየ የእንግዴ ልጅ ብዙውን ጊዜ ማህፀኑ ሲያድግ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ውጤት መደንገጥ ሳያስፈልግ በ32 ሳምንት አካባቢ መታየት ይኖርበታል። በዚያን ጊዜም ካልተነሣ እናቲቱ የመውለጃዋ ቀን ሳይደርስ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ቀርባ መቆየት አለባት። ይህን አስቀድማ ያወቀች የወርቃ እናት ጉዞዋን በቀን፣ በእቅድና ከቤተሰቧ ጋር ታደርጋለች። ያላወቀችው ግን ደም እየፈሰሳት በሌሊት አምቡላንስ ትጠብቃለች።

በዚህ ረገድ ያለው ተስፋ በጤና ጣቢያዎች ላይ ነው። በአገራችን አዋላጅ ነርሶችን በማሠልጠን በእጅ በሚያዙ አነስተኛ መሣሪያዎች ውስን የእርግዝና አልትራሳውንድ እንዲሠሩ የማድረግ ሥራ ተጀምሯል። አዋላጇ እንደ ራዲዮሎጂስት ሁሉንም ነገር እንድታይ አይጠበቅባትም። ጥቂት ጥያቄዎችን መልሳ፣ የከበደውን ወደ ላይ ትልካለች። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ተብሎ በተዋቀረው የጤና ሥርዓት ውስጥ ልየታው ታች ካልተሠራ ላይ ያለው ሰልፍ አያልቅም።

የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምርመራዎች የሚታዘዙት ለጥቂቶች ነው። በ1964 ዓ.ም መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የአንጎል ሕመምተኛ የታየበት ሲቲ ስካን ራጅን በዙሪያ እያሽከረከረ ሰውነትን በስስ ቁራጭ ያሳያል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አንጎሉ ውስጥ ደም መፍሰሱን በደቂቃዎች ስለሚለይ የድንገተኛ ክፍል ዋነኛ መሣሪያ ሆኗል። በደም ሥር መዘጋት የመጣ የአንጎል ምት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሲቲ ስካን ላይታይ ይችላል። ኤምአርአይ በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ በመሆኑ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ሳይጠየቅ ወደ ክፍሉ አይገባም። በጥይት ወይም በፍንጣሪ ተጎድቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይደብቅ መናገር አለበት።

ማሽን መግዛት የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሲቆራረጥ መሣሪያው ይጎዳል፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ክፍሉ ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስሉን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት በአነስተኛ ሆስፒታሎች እምብዛም ስለማይገኝ ብዙውን ራጅ የሚያነበው ያዘዘው ሐኪም ነው። ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሪፈር የሚላክ ታካሚ በወረቀቱ ላይ "የሆድ ሕመም፣ አልትራሳውንድ" የሚል ሦስት ቃል ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ መርማሪው የሚፈልገውን ሳያውቅ ይፈልጋል። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሚያምና ምን እንደተጠረጠረ የተጻፈበት ወረቀት የምርመራውን ግማሽ ያህል ያቀላል።

የጨረር ሥጋትም በልኩ መታየት ይኖርበታል። አንድ የደረት ራጅ 0 ነጥብ 1 ሚሊሲቨርት ያህል ጨረር ይሰጣል። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው በአማካይ 2 ነጥብ 4 ሚሊሲቨርት ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን እስከ 10 ሚሊሲቨርት፣ ማለትም ወደ 100 የደረት ራጅ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አስፈላጊ ሲሆን ፈርቶ መቅረት፣ ሳያስፈልግም "ሁሉንም ልታይ" ብሎ መጠየቅ ሁለቱም ጉዳት አላቸው። ያረገዘች ወይም አርግዤ ይሆናል ብላ የምትጠረጥር ሴት ከመነሣቷ በፊት ለባለሙያው መንገር አለባት። በኢትዮጵያ የጨረር መከላከያ አዋጅ የወጣው በ1986 ዓ.ም ሲሆን፣ የራጅ ክፍሎች ከጨረር የሚከላከል ግድግዳ እንዲኖራቸው፣ ሠራተኞቻቸውም የጨረር መለኪያ እንዲይዙ የሚደረገው ቁጥጥር መነሻው ይኸው አዋጅ ነው።

የተነሣ ራጅ በታካሚው እጅ ሲገባ አጠባበቁም ይታሰብበት። በቀጣዩ ምርመራ ሐኪሙ ጠባሳውን ከአዲስ በሽታ የሚለየው ከቀድሞው ጋር በማነጻጸር በመሆኑ ፊልሙን ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ ርቆ፣ ሳይታጠፍ በኤንቨሎፑ ማስቀመጥና ወደ ሆስፒታል በተሄደ ቁጥር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።